የራዲዮ አቅራቢ በምን ሚዛን ይመዘናል?

የብዙ ባለሙያዎች ሥራ በዓይን የሚታይ ነው። አናጢው የሠራው ወንበር ቢነቃነቅ የተቀመጠበት ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ ልብስ ሰፊው እጅጌውን ቢያሳጥር ባለልብሱ ይመልስለታል፤ አስተማሪውም ቢሆን በዓመቱ መጨረሻ ፈተና የሚባል ምስክር ይቆምበታል። የራዲዮ አቅራቢ ግን ድምፅ በማያስገባ ክፍል ተዘግቶ፥ ፊቱን ወደ ማይክሮፎኑ አዙሮ፥ እርሱ የማያያቸውን እነርሱም የማያዩትን ሰዎች ሲያነጋግር ይውላል። ቢያስቃቸው ሳቃቸውን አይሰማም፤ ቢያሰለቻቸው ራዲዮውን ሲዘጉ አያይም። ታዲያ ይህ ሰው ሥራውን ደኅና አድርጎ ሠርቷል ወይም አልሠራም ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? የሚፈርደውስ በምን ማስረጃ ነው?

ነገሩ የራዲዮ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲያ አይመስለንም። በትምህርት ላይ ያለው ወጣት ነገ፥ በሥራ ላይ ያለው ወጣት ሹም ደግሞ ዛሬውኑ፥ የሌላውን ሰው ሥራ መዝኖ በቅጽ ላይ ቁጥር የሚያሰፍር ነው። በዚያ ቁጥር ምክንያት የአንድ ሰው ደመወዝ ይጨመራል ወይም ባለበት ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም እንጀራው ይቋረጣል። በዓይን የማይታይ ሥራን መመዘን ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ለመረዳት ከራዲዮ ጣቢያ የተሻለ ቦታ አናውቅም፤ መቶ ዓመት በሚያህል ዕድሜው ውስጥ ብዙ ዓይነት ሚዛን ተሞክሮበታልና። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ፥ ስለ አገራችን ከምንናገረው በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው ሚዛን ደብዳቤ ነበር። አድማጭ ደስ ሲለው ያመሰግናል፥ ሲከፋው ይወቅሳል፤ የጣቢያው ሹምም ደብዳቤዎቹን ቆጥሮ ይህኛው አቅራቢ ተወዷል፥ ያኛው ተጠልቷል ይላል። የእንግሊዙ ቢቢሲ የአድማጮችን ጉዳይ የሚያጠና ክፍል ያቋቋመው በ1936 ነው። ክፍሉን እንዲመራ ከማስታወቂያ ሥራ የመጣው ሮበርት ሲልቪ ከያዛቸው ጥያቄዎች አንዱ፥ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው በእርግጥ የማይጽፈው ሰው ወኪል ሊሆን ይችላል ወይ የሚል ነበር። መልሱ አይችልም ነው። ቀለምና ወረቀት አንሥቶ ለጣቢያ የሚጽፍ ሰው ጊዜ ያለው፥ ብስጭት ያለው፥ ወይም ሁለቱም ያሉት ሰው ነው። የሚበዛው ሕዝብ ሰምቶ ዝም ይላል።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ የዊልፍሬድ ፒክልስ ታሪክ ይመስለናል። ፒክልስ የሰሜን እንግሊዝ፥ የዮርክሽር ሰው ነበር። በዚያ ዘመን የቢቢሲ ተናጋሪ የሚመዘነው ከሁሉ በፊት በአነጋገሩ ነው። ጣቢያው በ1926 የቃላትን አነባበብ የሚወስን ኮሚቴ እስከ ማቋቋም ደርሶ ነበር፤ ኮሚቴውንም በመጀመሪያ ባለቅኔው ሮበርት ብሪጅስ፥ ከዚያም ስመ ጥሩው የቴአትር ደራሲ በርናርድ ሾው በሊቀ መንበርነት መርተውታል። ፒክልስ በ1941 ዓለም ሁሉ በጦርነት ላይ ሳለ ዜና እንዲያነብ ወደ ለንደን ተጠራና የአገሩን ቅላጼ ይዞ መጣ። የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። በእንዲህ ያለ አነጋገር የተነበበ ዜና አይታመንም የሚሉ ሰዎች ተነሡ። በደብዳቤ ብቻ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ የፒክልስ ነገር በዚያ ያበቃ ነበር። ነገር ግን በ1946 «ሀቭ ኤ ጎው» የተባለውን፥ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየዞረ ተራውን ሰው የሚያጫውትበትን ፕሮግራም ጀመረና፥ በደጉ ጊዜው እስከ ሃያ ሚሊዮን የሚደርስ አድማጭ ሰበሰበ። ፕሮግራሙም እስከ 1967 ዘለቀ። ሰውየው ያው ነው፥ ቅላጼውም ያው ነው። በዜና ወንበር ላይ ነቀፋ ያመጣበት ነገር በጨዋታ ወንበር ላይ ሀብቱ ሆነ። የትኛውም የደብዳቤ ክምር ይህን አስቀድሞ ሊናገር ባልቻለ ነበር።

አሜሪካኖች ነገሩን በሌላ በኩል ያዙት። በእነርሱ አገር ራዲዮ የሚተዳደረው በማስታወቂያ ስለ ሆነ፥ ገንዘብ የሚከፍለው ነጋዴ ስንት ሰው እንደ ሰማው ለማወቅ ይፈልጋል። በ1930 አርቺባልድ ክሮስሊ የተባለው ሰው በስልክ እየደወለ «ትናንት ምን ሰማችሁ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሁፐር የሚባለው ተወዳዳሪው ጥያቄውን ለውጦ «አሁን፥ በዚህች ደቂቃ፥ ምን እየሰማችሁ ነው?» አለ። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ትልቅ ነው። የመጀመሪያው የሚመዝነው ትዝታን ነው፤ ስሙ የገነነ አቅራቢ ባይሰማም ተሰማ ይባልለታል። ኒልሰን የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1942 ሰውን መጠየቁን ትቶ፥ ራዲዮው መቼ እንደ ተከፈተና በየትኛው ጣቢያ ላይ እንደ ዋለ ራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ ሥራ ላይ አዋለ። መሣሪያው አይዋሽም፤ ነገር ግን የቤቱ እመቤት ራዲዮውን ከፍታ ጎረቤት ቡና ጠጥታ ብትመለስ፥ ለድመቷ የተነገረውን ሁሉ ሳያጓድል ይቆጥራል።

ቁጥር ሊናገር የማይችለውን ነገር ለማየት የፈለገ ሰው የ1938ን ጥቅምት 30 ቀን ያስታውስ። በዚያ እሑድ ማታ ወጣቱ ኦርሰን ዌልስ ከማርስ ስለ መጡ ወራሪዎች የሚናገረውን ድራማ በሲ ቢ ኤስ ራዲዮ አቀረበ። በዚያው ሰዓት የሁፐር ድርጅት ወደ አምስት ሺህ ቤት ደውሎ ነበር፤ የዌልስን ፕሮግራም እንሰማለን ያሉት ከመቶ ሁለት ብቻ ሆነው ተገኙ። በሌላው ጣቢያ የአድማጩን ጆሮ ይዞት የነበረው ኤድጋር በርገን የተባለ፥ አፉን ሳያንቀሳቅስ አሻንጉሊት የሚያናግር ሰው ነበር። (አፉ በማይታይበት ራዲዮ ላይ ይህ ሙያ እንዴት ተወዳጅ እንደ ሆነ እስካሁን ይገርመናል።) እንግዲህ በቁጥሩ ብቻ የሚፈርድ ሹም በማግሥቱ ዌልስን ጠርቶ ማሰናበት ይገባው ነበር። በማግሥቱ ግን የአሜሪካ ጋዜጣ ሁሉ የሚያወራው ስለ ዌልስ ሆነ። ደጋፊ ነጋዴ ያልነበረው ያ ፕሮግራም በታኅሣሥ ወር የሾርባ ፋብሪካ ባለቤቶች ገንዘብ ከፍለው በስማቸው አስጠሩት።

ዛሬ ያለው ሚዛን ከዚያ እጅግ የረቀቀ ነው። አርቢትሮን የሚባለው ድርጅት ለብዙ ዓመት ለተመረጡ ሰዎች ትንሽ ደብተር እየሰጠ፥ የሰሙትን ጣቢያና ሰዓት በእጃቸው እንዲጽፉ ያደርግ ነበር። የዚያ ዘመን አቅራቢዎች የጣቢያውን ስም በየጥቂት ደቂቃው የሚደጋግሙበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ደብተሩን የሚሞላው ሰው ሐሙስ ማታ ተቀምጦ የሰኞን ጧት ሲያስታውስ ስሙ እንዲመጣለት ነው። ከ2007 ጀምሮ ግን፥ በመጀመሪያ በፊላዴልፊያና በሂውስተን፥ ሰዎች በቀበቷቸው የሚያንጠለጥሉት መሣሪያ በደብተሩ ቦታ ገባ። ጣቢያው በድምፁ ውስጥ ጆሮ የማይለየው ምልክት ይደብቃል፤ መሣሪያውም ምልክቱን እየሰማ ይመዘግባል። አርቢትሮንን በ2013 ኒልሰን ገዝቶታል፤ ሥራው ግን ቀጥሏል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለማናቸውም መዛኝ ትምህርት ነውና ረዘም አድርገን እንመልከተው። ደብተር በነበረ ጊዜ የጣቢያው ሹም የሚያውቀው የወራትን ድምር ነው። መሣሪያው ከመጣ ወዲህ ግን ደቂቃ በደቂቃ የሚወጣና የሚወርድ መስመር በፊቱ ተዘረጋ። በዘፈን ጣቢያዎች አቅራቢው መናገር ሲጀምር መስመሩ ዝቅ ሲል አየ። የተሰጠውም ትእዛዝ አንድ ሆነ፤ «አሳጥር!» የሚል ነው። ግን መስመሩ ሰውየው ለምን እንደ ሄደ አይናገርም። በወሬው ሰልችቶ ይሆናል፤ ወይም መሥሪያ ቤቱ በር ደርሶ የመኪናውን ሞተር አጥፍቶ ይሆናል። ደግሞም ወሬውን ወዶ፥ ነገ በዚያው ሰዓት ለመመለስ አስቦ የወጣ አይጠፋም። ለመስመሩ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው።

ይህም ብቻ አይደለም። በሕጉ መሠረት አንድ አድማጭ የሚቆጠረው በሩብ ሰዓት ውስጥ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ሲሰማ ነበር። ስለዚህ ብዙ ጣቢያዎች ማስታወቂያቸውን ሁለት ሩብ ሰዓቶች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ማኖር ለመዱ፤ አድማጩ ቢያመልጥ እንኳ በሁለቱም ወገን አምስት አምስት ደቂቃው ተመዝግቦ እንዲቆይ ነው። በጥር 2025 አምስቱ ደቂቃ ወደ ሦስት ዝቅ ተደረገ። ወዲያው የብዙ ጣቢያ ቁጥር ከፍ አለ፤ በማይክሮፎኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ግን ያው የታኅሣሡ ሰው ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል፥ በ2014 ገደማ፥ የተደበቀውን ምልክት አጉልቶ የሚያወጣ ቮልቴር የሚባል ሣጥን ለገበያ ቀርቦ ጣቢያዎች ተሻምተው ገዙት፤ ምልክቱ ሙዚቃ ሞልቶ በሚሰማበት ጊዜ በደንብ ይደበቃል፥ ቀስ ብሎ በሚናገርና መሐል መሐሉን ዝም በሚል ሰው ድምፅ ውስጥ ግን መደበቂያ ያጣልና። ኒልሰንም በ2015 ምልክቱን አጠንክሮ አሻሻለው። እስከዚያ ድረስ ግን ረጋ ብሎ ማሰብ የሚወድ አቅራቢ፥ በጠባዩ ምክንያት ሳይቆጠር የሚቀርበት ዕድል ነበረ ማለት ነው። ስንቱ አቅራቢ በዚህ የተነሣ ሥራውን እንዳጣ የሚያሳይ መዝገብ ማንም አላስቀመጠም።

የፍትሕም ጉዳይ አለበት። መሣሪያውን የሚይዙት ሰዎች ከከተማው ሕዝብ ጋር ሲተያዩ ጥቂቶች ናቸው። በ2008 መሣሪያው ኒውዮርክ ሲገባ፥ ጥቁሮችንና ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን የሚያገለግሉ ጣቢያዎች ሕዝባችን በልኩ አልተወከለም ሲሉ ጮኹ። የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አንድሩ ኩሞ በጥቅምት ወር አርቢትሮንን ከሰሰ፤ በጥር 2009 ድርጅቱ አመራረጡን ለማስተካከል ተስማምቶ ነገሩ በስምምነት አለቀ። ሚዛኑን ከሚዛን የሚያስቀምጥ ዳኛ በተገኘበት አገር ይህ ተቻለ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቁጥር ነው። በዚያው አገር ግን ከቁጥሩ ጎን የቆየ ሌላ ልማድ አለ፤ እኛ ከሁሉ አብልጠን የምናደንቀውም እርሱን ነው። ኤርቼክ ይሉታል። የፕሮግራሙ ኀላፊና አቅራቢው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የተቀዳውን ሥራ አብረው ያዳምጣሉ። ጊዜ እንዳይባክን ማይክሮፎኑ ሲከፈት የሚቀዳ፥ ሲዘጋ የሚያቆም መቅጃ ስለ ነበራቸው፥ የአራት ሰዓት ፕሮግራም ዘፈኑና ማስታወቂያው ወጥቶ የአቅራቢው ቃል ብቻ በጥቂት ደቂቃ ይሰማል። ያን ጊዜ ምንም መደበቂያ የለም። አቅራቢው አፉን የከፈተው የሚናገረው ነገር ኖሮት ነው ወይስ ዝምታውን ለመሙላት? እንግዳው የመለሰውን ሰምቷል ወይስ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀጣይ ጥያቄ ሲያነብ ነበር? ቀልዱ ካለቀ በኋላ ስንት ጊዜ ደገመው? ይህን ሁሉ መስመር ሊናገር አይችልም፤ ጆሮ ግን ይናገራል።

በእርግጥ ይህም ልማድ ይበላሻል። ቁጥር ሲወድቅ ብቻ አቅራቢውን የሚጠራ፥ ከአራት ሰዓት ሥራ ውስጥ የከፋውን አንድ ደቂቃ መርጦ የሚያሰማ ኀላፊ አለ። ከዚህ የባሰውም ፕሮግራሙ ገና እየተላለፈ ሳለ ስቱዲዮ ደውሎ የሚቆጣው ነው፤ የተቆጡት ሰው የቀረውን ሰዓት እንዴት ሊያጫውት እንደሚችል እግዚአብሔር ይወቅ።

በዚህ ትምህርት ውስጥ ለአቅራቢው ሁሉ የሚሰጥ አንድ ምክር አለ፤ ለሺህ ሰው ሳይሆን ለአንድ ሰው ተናገር የሚል ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ብዙ ሰው ራዲዮ የሚሰማው ብቻውን፥ በመኪና ወይም በማድ ቤት ነውና። ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን እንግሊዝኛ የማያውቀው ችግር ይገጥመዋል። ያ አንድ ሰው አንተ ነው፥ አንቺ ነሽ፥ ወይስ እርስዎ? አንተ ቢል አባትየውን ደፈረ፤ እርስዎ ቢል ተማሪውን አራቀ። ስለዚህ የእኛ አቅራቢዎች «የተከበራችሁ አድማጮቻችን» ማለታቸው ሁልጊዜ የድሮ ልማድ ብቻ አይደለም፥ መውጫ ነው። ከውጭ አገር የመጣ የመመዘኛ ቅጽ እንደ ወረደ ተተርጉሞ ሲሠራበት እንዲህ ያለው ነገር ይጠፋል።

የእንግሊዞቹ ሲልቪና ባልደረቦቹ ደግሞ በጦርነቱ ዘመን ሌላ ነገር ጨመሩ። ስንት ሰው ሰማ ከሚለው ጎን፥ የሰሙት ምን ያህል ወደዱት የሚለውን ለብቻው ጠየቁ፤ አድማጮች ማርክ ይሰጣሉ፥ አማካዩም ከመቶ ይሰላል። ሁለቱ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ አይስማሙም። በ1946 የተከፈተው የቢቢሲ ሦስተኛ ፕሮግራም አድማጩ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ሆኖም ጥቂቶቹ አጥብቀው ይወዱት ነበር። አንድ ቁጥር ይዞ የሚፈርድ ሹምና ሁለት ቁጥር ይዞ የሚያመነታ ሹም ቢቀርቡልን፥ እኛ የሚያመነታውን እንመርጣለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ወጋየሁ ንጋቱ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ የተረከበት ድምፅ ዛሬም እየተቀዳ ይሰማል። ያ ትረካ የሚታወሰው በአድማጭ ብዛት ተለክቶ አይደለም፤ ሰውየው እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ በድምፁ ለይቶ ስላቆመው ነው። ይህንንም የሚያውቀው ቁጭ ብሎ የሰማው ሰው ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የግል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ፈቃድ ካገኙ ወዲህ ደግሞ አዲስ ዳኛ መጥቷል። ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩት የአየር ሰዓት ከጣቢያው ገዝተው በሚያቀርቡ ተባባሪ አዘጋጆች ነው። እንዲህ ያለው አቅራቢ ድምፅም፥ አዘጋጅም፥ ማስታወቂያ አፈላላጊም ነው። ስፖንሰር ካገኘ በሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል፤ ካላገኘ ድምፁ ከአየር ላይ ይጠፋል፥ አድማጩም የት ሄደ ብሎ ጠይቆ ይተወዋል። እንግዲህ በተግባር የሚመዝነው የጣቢያው ኀላፊ አይደለም፤ ፕሮግራሙን ሰምቶትም ላይሆን የሚችል የአንድ ድርጅት የሽያጭ ክፍል ነው። ለስፖንሰሩ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበውም ስንት ሰው ደወለ፥ ስንት አጭር መልእክት ገባ፥ በቴሌግራምና በፌስቡክ ስንት ተከታይ አለ የሚለው ነው። ይህ ሲልቪ በ1936 የመረመረው የደብዳቤ ክምር መሆኑን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። የሚደውለው ሰው የመደወያ ገንዘብና ጊዜ ያለው ሰው ነው፤ አንዳንዱም በየጣቢያው እየዞረ የሚደውል፥ ድምፁ ከአቅራቢው ይልቅ የታወቀ ነው። በመንግሥት ጣቢያም ቢሆን፥ አቅራቢው እንደ ማናቸውም ሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ይሞላለታል፤ በሰዓቱ መግባቱና ያቀረበው ዝግጅት ብዛት ይቆጠራል። ሁለቱም የሚያስፈልጉ ናቸው። ነገር ግን ሠላሳ አሰልቺ ዝግጅት በሰዓቱ ያቀረበ ሰው፥ አሥራ ሁለት ያማሩ ዝግጅቶች ካቀረበው ሰው በልጦ ይታያል።

እንግዲህ ቁጥሩ ይጣል አንልም፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የሚሰብክ ሰው ባዶ መሆኑን ማወቅ አለበት። የምንለው፥ በቅጹ ላይ ማርክ የሚያሰፍረው ኀላፊ ከዚያ በፊት የሰውየውን ሥራ በጆሮው ይስማ ነው። ሦስት ዝግጅት ይመረጥ፤ አንዱን ኀላፊው፥ አንዱን ራሱ አቅራቢው፥ አንዱን ዕጣ ይምረጠው። ሁለቱ አብረው ይስሙት፤ ኀላፊውም የሰማበትን ቀን ጽፎ ይፈርም። ከአቅራቢው በፊት ኀላፊው አስተያየቱን ባይናገር ደግሞ ይሻላል፤ ሰው የራሱን ድምፅ ሲሰማ ከማንም በፊት ጉድለቱን የሚያገኘው ራሱ ነው። የአየር ሰዓት ለሚገዙትም ቢሆን ጣቢያው ውሉን ሲያድስ ከክፍያው ደረሰኝ ጋር እነዚያን ሦስት ቅጂዎች ከነአስተያየታቸው ሊያያይዝ ይችላል። አሁን ባለው አሠራር አንድ አቅራቢ ተሰናብቶ ለምን ብሎ ቢጠይቅ ከፋይሉ የሚወጣለት የገንዘብ ሒሳብ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሥራው ራሱ ከፋይሉ ውስጥ ይገኛል፥ ይግባኝ የሚሰማውም ሰው መልሶ ሊያዳምጠው ይችላል።